ከመትከል እስከ ማጽደቅ፦ ዘላቂነትን በትምህርት ቤቶቻችን ማስረጽ

(ይህ ጽሑፍ በፋካልቲያችን ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ቅጂ ነው። ለንባብ እንዲመች ንኡሳን ርእሶች ታክለውበታል።)



ንግግሬን በአንድ ትዝብት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማስተማር ልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችንን ለመጎብኘት ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ወሩ የካቲት ነው። ከበሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ድረስ፣ በግራና በቀኝ፣ በረድፍ የተተከሉ ካስማዎች ቆመዋል። በየካስማው ላይ በቀለም የተጻፈ ቆርቆሮ ተሰቅሏል፤ የተካዩ ስም፣ የተከላው ቀንና የዛፉ ዓይነት ሰፍሮበታል። ጽሑፉ ሁሉ በደንብ ይነበባል። የጎደለው ችግኙ ነበር። በዚያ ሁሉ ረድፍ መካከል ለምልሞ ያየሁት አንድ ዋንዛ ሲሆን፣ እርሱም ያለው ከጥበቃው ጎጆ አጠገብ ነው።

ርእሰ መምህሩን ጠየቅኋቸው። «በክረምት ሁለት መቶ ችግኝ ተክለናል፤ ሪፖርቱም በወቅቱ ለወረዳው ደርሷል» አሉኝ። ሐሰት አልተናገሩም። ሁለት መቶ ችግኝ ተተክሏል፤ ሪፖርቱም ደርሷል። የተጠየቁትን በትክክል ፈጽመዋል። ችግሩ ያለው የምንጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

የሁለት ግሦች ልዩነት

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ግሦችን ሰጥቶናል፦ መትከልና ማጽደቅ። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጉድጓድ፣ ችግኝና ጥቂት ጉልበት ይበቃዋል። ማጽደቅ ግን ጊዜን ይጠይቃል። ችግኝ ጸደቀ የሚባለው ሥር ሰዶ፣ በጋውን ተሻግሮ፣ ያለ ደጋፊ መቆም ሲችል ነው። ለሰው ነፍስና ለችግኝ አንድ ቃል መጠቀማችን በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ በሁለቱም ዘንድ ጽድቅ የሚታወቀው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በፍጻሜው ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር አገራችን በየክረምቱ ችግኝ ስትተክል ቆይታለች፤ ትምህርት ቤቶችም ከተሳታፊዎቹ መካከል ናቸው። ይህ ታላቅ መነሣሣት ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤቶቻችንን የቀን መቁጠሪያ ልብ ብለን እንመልከት። ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው። ተማሪው ተመልሶ ክፍሉ ሲሞላ መስከረም ይጠባል፤ ዝናቡም ወደ ማብቂያው ይቃረባል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ መሬቱ ይደርቃል፤ የአካባቢው ከብት ግጦሽ ፍለጋ አጥር ይጥሳል። እንግዲህ የተከላው ጊዜ ተማሪው የሌለበት፣ የማጽደቂያው ጊዜ ደግሞ ተማሪው በሙሉ ያለበት ነው። ተፈጥሮ ለትምህርት ቤት ያከፋፈለችው ድርሻ ማጽደቅ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን ስናከብረውና ስንቆጥረው የኖርነው ተከላውን ነው።

ይህ ነገር በችግኝ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእርዳታ የተተከለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧው ከተሰበረ በኋላ የሚጠግነው አያገኝም። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያቋቋሙት መምህርት ሲዛወሩ ክበቡ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዘላቂነትን በትምህርት ቤት ማስረጽ ማለት አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን፣ የተጀመረው ነገር ጀማሪው ከሄደ በኋላም እንዲኖር አድርጎ የትምህርት ቤቱን የዕለት ተዕለት አሠራር ማደራጀት ነው።

ዘላቂነት በትምህርት፦ አመጣጡ በአጭሩ

ሐሳቡ ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን በኋላ ወደ ራሳችን ልምድ እመለሳለሁ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጅ አካባቢ ጉባኤ ትልቅ ምዕራፍ ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 በትብሊሲ የተሰበሰቡ መንግሥታት የአካባቢ ትምህርት ራሱን የቻለ አንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ የሚያልፍና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መሆን እንዳለበት ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ ዘላቂ ልማትን የዛሬው ሰው ኑሮ የነገውን ሰው ዕድል የማይሻማበት መንገድ አድርጎ አስረዳ። ከ2005 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ያሉት ዓመታት ለዘላቂ ልማት ትምህርት ዓሠርት ሆነው ታወጁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦችም በንኡስ ግብ 4.7 ይህንኑ ትምህርት የሁሉም አገሮች ኃላፊነት አድርገውታል።

ከነዚህ ሁሉ ውይይቶች ለትምህርት ቤት የሚጠቅም አንድ መርሕ ጎልቶ ወጥቷል፤ እርሱም መላውን ተቋም የሚያቅፍ አካሄድ የሚባለው ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው፣ በግቢው የሚደረገውና ከአጥሩ ውጭ ካለው ማኅበረሰብ ጋር የሚኖረው ግንኙነት አንድ ነገር መናገር አለባቸው። መምህሩ በክፍል ስለ ንጽሕና እያስተማረ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ከሌለው፣ ተማሪው የሚያምነው መጸዳጃ ቤቱን ነው።

በአገራችንም መሠረቱ አለ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ኃላፊነት የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ያስቀምጣል። የአካባቢ ሳይንስ ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምሮ ይሰጣል። የሚጎድለን ሰነድ አይደለም፤ ሦስቱን ዘርፎች የሚያገናኝ ክር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

መማር ማስተማር፦ ከጣሪያው የሚጀምር ሒሳብ

አብዛኛውን ጊዜ ዘላቂነት ሲነሣ ጉዳዩ ለሥነ ሕይወት ወይም ለጂኦግራፊ መምህር ይተዋል። እኔ ግን ከሒሳብ መምህሩ መጀመርን እመርጣለሁ፤ ያንን ሁለት መቶ ችግኝ ማዳን የሚቻለው በሒሳብ ነበርና።

የጣሪያው ስፋት 300 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ ቆርቆሮ የመማሪያ ሕንጻ እናስብ። በደጋማው የአገራችን ክፍል በብዙ ቦታ የዓመቱ ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም አንድ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት በጣሪያው ላይ የሚወርደው ውኃ 300 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 300,000 ሊትር ይሆናል። ከዚህ 20 በመቶው ቢባክን እንኳ 240,000 ሊትር ይቀራል። ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ፊታቸው ይበራል፤ ውኃ የለንም ሲባል በኖረበት ግቢ ይህን ያህል ውኃ በየዓመቱ በላያቸው እንደሚያልፍ አያውቁም ነበርና።

ቀጥሎ መምህሩ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ትምህርት ቤቱ ያለው ማጠራቀሚያ ስንት ነው? አንድ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ነው እንበል። ከሚገኘው ውኃ ውስጥ ከ24 እጅ አንዱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የሚያንሰን ዝናብ ሳይሆን ማስቀመጫ ነው። ይህን ልዩነት መለየት በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኙ ነው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሊትር ብናጠጣ በሳምንት 10 ሊትር ይሆናል። የበልጉን ዝናብ ለጊዜው ትተን በጋውን 30 ሳምንት ብንለው፣ አንድ ችግኝ 300 ሊትር ይፈልጋል። ለሁለት መቶ ችግኝ 60,000 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። በእጃችን ያለው 10,000 ሊትር ነው፤ እርሱን ለ300 ስናካፍለው 33 እናገኛለን። እንግዲህ ይህ ትምህርት ቤት በሮቶው ብቻ ሊያጸድቅ የሚችለው 33 ችግኝ ነው። የቀሩት 167ቱ ገና ሳይተከሉ ሞታቸው ተወስኖ ነበር፤ ማንም ስላላሰላው ግን ማንም አላወቀም።

ሒሳቡ እዚህ ላይ አያበቃም። ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ካለውና 600 ተማሪዎች ከምግብ በፊት እጃቸውን በግማሽ በግማሽ ሊትር ቢታጠቡ፣ በቀን 300፣ በአምስት የትምህርት ቀናት 1,500 ሊትር ውኃ ይፈስሳል። ግማሹን ብቻ በቦይ ሰብስበን ወደ ችግኞቹ ሥር ብንመራው 750 ሊትር ይሆናል፤ ለ75 ችግኝ የሚበቃ ነው። ሳሙና የነካው ውኃ በመሆኑ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት አናውለውም፤ ለዛፍ ግን ይሆናል። 33ና 75 ሲደመር 108 ነው። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሐምሌ ስንት ችግኝ እንደሚረከብ በልበ ሙሉነት መናገር ይችላል፤ ኮታውን የሚወስነውም የራሱ ተማሪዎች ስሌት ይሆናል።

በዚህ አንድ ምሳሌ ውስጥ ስፋት፣ ይዘት፣ መቶኛ፣ የመለኪያ ቅየራና ማካፈል አሉ። መምህሩ ከሥርዓተ ትምህርቱ አልወጣም፤ ምሳሌውን ብቻ ከግቢው ወሰደ። የአማርኛ መምህሯም እንዲሁ ተማሪዎቿ የአካባቢውን አረጋውያን ስለ ወንዙ የልጅነት መልክ ጠይቀው እንዲጽፉ ልታደርግ ትችላለች። የፊዚክሱ መምህር የወጥ ቤቱን ምድጃ፣ የኬሚስትሪዋ መምህርት የብስባሹን ጉድጓድ ቤተ ሙከራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም።

ግቢው፦ የወጥ ቤቱ ጭስ

ሁለተኛው ዘርፍ ግቢው ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት መመገባቸው በዘመናችን ካየናቸው መልካም ለውጦች አንዱ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ሲቀርብ ቆይቷል፤ በድርቅ በሚጎዱ አካባቢዎችም ምገባው ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ እንዳይርቁ አድርጓል። ረኃብ ያለበት ልጅ ስለ ነገ ሊያስብ አይችልምና ይህ ራሱ የዘላቂነት ሥራ ነው።

ነገር ግን ምግቡ በምን ይበስላል? በብዙ ትምህርት ቤቶች በማገዶ እንጨት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ትልቅ ድስት፣ ጭስ በሞላበት ዳስ ውስጥ፣ እናቶች ለመቶዎች ያበስላሉ። በክረምት በሰልፍ የምንተክለውን በበጋ በጓሮ እናነደዋለን። ተማሪው ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ ስለ ደን መመናመን የሚሰጠው ትምህርት ወጥ ቤቱን የማይነካ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ንግግርና ተግባር የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

ጥፋቱ የምግብ አብሳዮቹ አይደለም፤ ዓይናቸውና ሳንባቸው በመጀመሪያ የሚጎዳው የእነርሱ ነው። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። የአንድ ሳምንት ማገዶ ይመዘን። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ ድስቱ ክዳን ይኑረው፤ ምድጃው ዙሪያው ይዘጋና ጭስ መውጫ ይሠራለት። እንጀራ በሚጋገርበት ቦታ ምርት በመባል የሚታወቀው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ በአገራችን ለዓመታት በሥራ ታይቷል። ከለውጡ በኋላ እንደገና ይመዘን። ልዩነቱን ተማሪዎች በግራፍ ይሥሩት። ቁጥሩ ለርእሰ መምህሩ የበጀት ማስረጃ፣ ለተማሪው ደግሞ የሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

ሌላው ውኃና መጸዳጃ ቤት ነው። ውኃና የሚዘጋ በር የሌለው መጸዳጃ ቤት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሴት ተማሪዎችን ነው፤ በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ከሮቶው ውኃ ለችግኝ ከመከፈሉ በፊት ቅድሚያው ለእነርሱ መሆን አለበት። ዘላቂነት ለዛፍ ራርቶ ለልጅ የሚጨክን ሊሆን አይገባውም።

ቆሻሻውም ግቢው ውስጥ አያልቅም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ማለቃቸውን እናስታውሳለን። እኛ «ጣልነው» የምንለው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ በዚያም ቦታ ሰዎች ይኖራሉ። ይህን ለልጆች ለማስረዳት ትርፍራፊውን ለብስባሽ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ መለየት ጥሩ ጅማሬ ነው። የተለየው ነገር ማን ዘንድ እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን ሦስቱ ቅርጫቶች ማታ በአንድ ጉድጓድ ይገለበጣሉ፤ ልጆቹም ያንን ያያሉ።

ማኅበረሰቡ፦ ከዕድር የምንማረው

ሦስተኛው ዘርፍ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይሰጠናል።

በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ ተራሮች እርከን ተሠርቶባቸዋል፤ ሰፋፊ ደኖችም ተተክለዋል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ ደኑ ተጨፈጨፈ። ገበሬው ዛፍ የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ ደኑን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ አላየውም ነበር። በአንጻሩ በወላይታ በሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ እንደገና ደን ለብሷል። ሥራው በአመዛኙ አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ ከመሬት በታች ሕያው ሆኖ የቀረውን ጉቶና ሥር እየገረዙ፣ ከከብት እየጠበቁ ማሳደግ ነበር። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም መብታቸው ስለ ተረጋገጠ የራሳቸውን ሀብት ጠበቁ። በጎንደርና በጎጃም ዙሪያቸው ሁሉ ታርሶ ሳለ በየአድባራቱ ዙሪያ የቀሩት የአገር በቀል ዛፎች ደኖችም የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ወሰን፣ ልማድና ኃላፊነት የሚሰማው ጠባቂ ባለበት ዛፍ መቶ ዓመት ይኖራል።

ለትምህርት ቤት ግን ከሁሉ የሚቀርበው መምህር ዕድር ይመስለኛል። ዕድር ለምን ይዘልቃል? ምክንያቱም በአንድ ደግ ሰው ጫንቃ ላይ አልቆመም። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መዋጮው ትንሽ ቢሆንም አይቋረጥም፤ የቀረ ይቀጣል። ሰብሳቢው ቢሞት ወይም ቢለቅ መዝገቡና ማኅተሙ ለተተኪው ይሰጣሉ፤ ድንኳኑና ድስቱም ተቆጥረው ይተላለፋሉ። የትምህርት ቤቶቻችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከነዚህ አንዱንም ስለሌለው ነው ከመሥራቹ ጋር የሚሄደው።

ስምምነት ማለት ደግሞ ሰጥቶ መቀበል ነው። የጎረቤቱ ገበሬ ከብቱን ወደ ግቢው የሚያስገባው መኖ ስለቸገረው ነው። አጥር ማጠር ብቻውን ጠብ ይፈጥራል። ከብት እንዳይገባ፣ ሣሩን ግን በተወሰነ ቀን ዐጭደው እንዲወስዱ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል መስማማት ይቻላል። የተከለሉ ተራሮች በሚጠበቁባቸው ብዙ ቦታዎች ይህ ዓይነቱ ውል ይሠራል። ሣሩን የሚወስደው ሰው አጥሩንም ይጠብቃል።

«ማንበብ ሳይችሉ ስለ ዛፍ?»

አንድ ክብደት ያለው ተቃውሞ እንዳለ ዐውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በጦርነት የፈረሱ፣ መምህራን ደመወዝ የዘገየባቸው፣ በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ልጅ የሚታጨቅባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። «ልጆቻችን ሒሳብ አልቻሉም፤ እናንተ ስለ ችግኝ ታወራላችሁ» የሚል ርእሰ መምህር ቢኖር ቁጣው ይገባኛል።

መልሴ ይህ ነው። ዘላቂነት እንደ ተጨማሪ ሸክም፣ እንደ አዲስ ክበብና አዲስ ሪፖርት የሚመጣ ከሆነ እኔም እቃወማለሁ፤ መምህራኑ ተሸክመው የማይጨርሱት ሥራ አለባቸው። ነገር ግን የሮቶውን ስሌት የሠራ ልጅ ሒሳብ አልተውም፤ ሒሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ ዐወቀ እንጂ። ሽማግሌ ጠይቆ አንድ ገጽ የጻፈ ልጅ መጻፍን ተለማመደ። በመማሪያ መጽሐፍ እጥረት በሚቸገር ትምህርት ቤት ግቢው ራሱ በነጻ የተገኘ መርጃ መሣሪያ ነው። የፈረሰ ትምህርት ቤት ሲሠራም ለጣሪያው አሸንዳ፣ ለወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ ማድረግ ከመጀመሪያው ከታሰበበት ወጪው ትንሽ ነው፤ በኋላ ላድርግ ያለ ግን ደጋግሞ ይከፍላል።

ከየት እንጀምር?

አዲስ ዕቅድ አያስፈልገንም ስል አንድ ነገር በልቤ ይዤ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠሩበት የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም አራት ዐቢይ ርእሶች አሉት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በነዚህ ውስጥ ቦታ አለው። ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት እርምጃዎች በዚያው ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

1. በጥቅምት ወር ተማሪዎች ግቢያቸውን ይቁጠሩ፤ ስንት ችግኝ አለ፣ ስንት ቧንቧ ይሠራል፣ በሳምንት ስንት ኪሎ ማገዶ ይነዳል፣ ቆሻሻው የት ይሄዳል። ያልተቆጠረ ነገር አይጠበቅም።

2. ለዓመቱ አንድ ጉዳይ ብቻ ይመረጥ። አምስት ነገር ጀምሮ አምስቱንም ከመጣል አንዱን ማጽደቅ ይበልጣል።

3. የተመረጠው ጉዳይ በትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ለቧንቧ መለወጫ የምትሆን ትንሽ ገንዘብም ብትሆን። ለጥገና ያልተመደበለት ነገር ለመሰበር የተመደበ ነው።

4. ሥራው ሦስት ባለቤት ይኑረው፤ አንድ መምህር፣ አንድ የተማሪዎች ቡድንና አንድ የአካባቢው ነዋሪ። የቡድኑ አባላት ከተለያዩ ክፍሎች ይመረጡ፤ የስምንተኛ ክፍሉ ሲወጣ የስድስተኛው ይተካዋል። መዝገብም ይኑር፤ ርእሰ መምህር ሲዛወር እንደ ንብረት በፊርማ ይረከብ።

5. ዋናው ሪፖርት በሐምሌ ሳይሆን በየካቲት ይላክ። ወረዳውም ስንት ተከላችሁ ማለቱን ትቶ ካቻምና ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ ብሎ ይጠይቅ። ይህ አንድ የጥያቄ ለውጥ ብቻውን ብዙ ነገር ይለውጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው የሚሠራው የሚጠየቅበትን ነውና።

የእኛ የፋካልቲው ድርሻም አለ። ለልምምድ የምንልካቸውን ዕጩ መምህራን የምንመዝነው በክፍል አያያዛቸውና በትምህርት ዕቅዳቸው ነው። ከሚያቀርቡት ዕቅድ ቢያንስ አንዱ ምሳሌውን ከዚያው ትምህርት ቤት ግቢ የወሰደ እንዲሆን እንጠይቃቸው። ይህን ለመጠየቅ ከቅጹ ላይ አንድ መስመር መለወጥ ይበቃናል። የራሳችንን ግቢም እንይ፤ ከካፌያችን ጀርባ ያለውን የቆሻሻ ጉድጓድ ሳንነካ ለሌሎች ብናስተምር ንግግሬ ሁሉ በራሴ ላይ ይመሰክራል።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስና ላብቃ። በዚያ ትምህርት ቤት ስወጣ በበሩ ላይ የቆሙትን አዛውንት ጥበቃ ስለ ዋንዛው ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ይህችን እርስዎ ነዎት የተከሏት?» አልኳቸው። «ኧረ እኔ አልተከልኩም» አሉኝ፤ «እጄንም ፊቴንም የምታጠበው ግን ሁልጊዜ እዚሁ ነው።» በካስማው ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ የሌላ ሰው ስም ይዟል። ዛፉን ያጸደቀው ግን በየዕለቱ የፈሰሰው ጥቂት ውኃ ነበር። ትምህርት ቤቶቻችንን የምንረዳቸው እንዲህ ያለውን ትንሽ ውኃ በአጋጣሚ ሳይሆን በሥርዓት እንዲፈስስ በማድረግ ነው።